ስለ ስብሰባ መገኛ ፊርማ የወጣ አዋጅ

ፒያሳን ከነደጃች ውቤዋና ከነዶሮ ማነቂያዋ ለኮሪደር ልማት አፍርሶ መሥራት ከመጋቢት 2016 ጀምሮ የማይዘገይ ሥራ ሆኖ በመገኘቱ፤

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43(2) ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ዜጎች ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው አስቀድሞ ጽፎ በማስቸገሩ፤

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተነሺን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት የሚል ነገር ስለገባ፣ አንድ ዓመትም ረጅም መሆኑ ስለታመነበት፤

ያልተስማማ ሰው መስማማቱን የሚያረጋግጥ ርካሽና ፈጣን ዘዴ በማስፈለጉ፣ የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የአቴንዳንስ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ውይይት» ማለት ተወስኖ ያለቀ ነገር በማይክሮፎን የሚነገርበት ሰዓት ነው። የሌሎቹ ቃላት ትርጉም ከስብሰባው በኋላ ይገለጻል።

3. ስለ ፊርማ

1) በአዳራሹ በር ላይ በተቀመጠ መዝገብ ስሙን ጽፎ የፈረመ ማንኛውም ሰው መጥቷል፣ ሰምቷል፣ አምኖበታል፣ አመስግኗል።

2) በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፦

ሀ) የፈረመው ሳይፈርም መግባት ስለተከለከለ ብቻ ከሆነ፣ በሙሉ ፈቃዱ እንደፈረመ ይቆጠራል፤

ለ) የፈረመው የታሸገ ውኃ ለመቀበል ከሆነ፣ ውኃውን ከጠጣ ተስማምቷል፤ ካልጠጣም ይዞት ሄዷልና ተስማምቷል፤

ሐ) እጁን አውጥቶ የተቃወመ ሰው በቃለ ጉባኤው «ገንቢ አስተያየት ሰጪ» ተብሎ ይያዛል፤ አስተያየቱ አይያዝም፤

መ) «ወዴት ልንሄድ ነው?» ብሎ የጠየቀ፣ ለመሄድ መስማማቱን በገዛ አንደበቱ አረጋግጧል፤

ሠ) ከስብሰባው የቀረ በመጡት ፊርማ ተወክሏል፤

ረ) ማንበብ የማይችል በአውራ ጣቱ ይስማማል፤ ማንበብ የሚችለውም ቢሆን በሚፈርምበት ሰዓት የመዝገቡ አናት ባዶ ስለሆነና ርዕሱ በኋላ ስለሚሞላ፣ ከማይችለው እኩል ነው።

3) የቀበሌ ቤት ከተከራየ ሰው ዘንድ ተጠግቶ የሚኖር ደባል እንደሚከተለው ይስተናገዳል፦

ሀ) በመዝገቡ ላይ ሲፈርም ነዋሪ ነው፤

ለ) የተሰብሳቢው ብዛት በዜና ሲነገር ነዋሪ ነው፤

ሐ) ዕቃህን አውጣ ሲባል ነዋሪ ነው፤

መ) ምትክ ቤት ሲታደል ነዋሪ አይደለም፤

ሠ) በፊደል ተራ መ ቅር የተሰኘ ደባል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ሆኖም አቤቱታ የሚቀበሉት ከነዋሪ ብቻ ነው፤

ረ) ፊደል ተራ ሠ ቢኖርም፣ አቤቱታው «አልተስማማሁም» የሚል ከሆነ ባለአቤቱታው በፊደል ተራ ሀ መሠረት ነዋሪ ሆኖ ፈርሟልና አይሰማም፤

ሰ) ፊደል ተራ ረን አንብቦ የሳቀ ደባል በፊደል ተራ ሐ መሠረት ዕቃውን ያወጣል።

4) ንዑስ አንቀጽ 3 ለአንድ ሰው ሲባል የተጻፈ አይደለም። ደግሞስ ቢሆን? ሰውየው እኔ ነኝ። ከሆሳዕና አቅራቢያ ያለችው የሆመቾ ልጅ ነኝ፤ ፒያሳ ደባል ነበርኩ። ከጎረቤቶቼ ጋር አቤቱታ ይዘን የሄድን ቀን አንዱ መዝገብ ገልጦ ጣቱን ስሜ ላይ አሳረፈና «ይኸው፣ ተስማምተህ ፈርመሃል» አለኝ። አዎ ፈርሜያለሁ፤ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ እስክሪብቶ ስትዘረጋልኝ ምን ላድርግ? «እንግዲያው ምትክ ቤቱስ?» አልኩት። ሌላ መዝገብ ገለጠ። እዚያኛው ላይ የለሁም። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተው ሳለ ሰውየው ትንሽ እንኳ አላፈረም፤ ቀጣይ ባለጉዳይ ጠራ።

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው፤ ክፍሏ አይደለችም። ክፍሏማ ክረምት ሲገባ የምታፈስ ነበረች። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከባለቤቷ ተወስዳ ከዚያ ወዲህ ባለቤት አላየችም፤ ቀበሌው አያድሳት፣ ሌላው እንዳያድሳት ይከለክል ነበር። ትፍረስ! ፎቅ ይቆምባት! ብቻ አፍራሾቹ በእኔ ስም አፈረስን አይበሉ። ሆመቾ ገበያ በሬ ሊያይ የገባን ሰው ገዝተሃል የሚለው የለም። ዋጋ ይጠራል፣ ይቀነሳል፣ እምቢ ተብሎ ዞር ይባላል፣ ተከትሎ የሚጠራም አለ። እኛ ዞር ስንል ተከትሎን የመጣው ግሬደር ነው።

5) ንዑስ አንቀጽ 4 በአርቃቂው ስሕተት የገባ ስለሆነ እንዳልተነበበ ይቆጠራል። ያነበበ ይፈርም።

4. ስለ ቅርስ

ቤቱ ቅርስ ነው ከተባለ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ይታያል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው አይታይም።

5. ስለ ምትክ ቤት

በከተማው ዳር፣ ብዙ ደረጃ ተወጥቶ ይሰጣል። ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ አይሰጥም።

6. ስለ እድር

እድርተኛው በየብሎኩ ይበተናል። ድንኳኑንና ድስቱን ማን እንደሚወስድ ተነሺዎቹ ራሳቸው ተወያይተው ይስማሙ፤ ለዚህ ፊርማ አያስፈልግም።

7. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ከስብሰባው በፊት ጀምሮ የጸና ነው።

8. የተፈጻሚነት ወሰን

የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቢያንስ 58 ከተሞች ስለደረሰ፣ ሆሳዕናም ከነዚሁ አንዷ ስለሆነች፣ አዋጁ መንገድ በወሰደው ሁሉ ተፈጻሚ ይሆናል። ሆመቾ ያሉ አባቴና የእድሜ እኩዮቹ ለስብሰባ የተጠሩ እንደሆነ መሄድ፣ ከፊት መቀመጥ፣ የመጣላቸውን ሁሉ መናገር ይችላሉ። መዝገቡ ሲዞር ግን የራሳቸውን እስክሪብቶ አውጥተው፣ ከስማቸው አጠገብ «አልተስማማሁም» ብለው እንዲጽፉ በዚህ አዋጅ ተፈቅዶላቸዋል። የፊርማው ሳጥን ጠባብ ስለሆነ ደቀቅ አድርገው ይጻፉት።