ሱሪ ስለ መጠቅለል

ስለ ባሕር ያልተጻፈ የለም። ስለ ጨውነቱ፣ ስለ ማዕበሉ፣ ከጨረቃ ጋር ስላለው ጉዳይ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ባሕር ዳር ቆሞ ሱሪውን ስለሚጠቀልለው ኢትዮጵያዊ ግን፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ብዕሩን ያነሣ የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ተነሥቻለሁ።

ለጥናቱ መነሻ የሆነው የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ፣ አሜሪካ ድረስ መጥቶ ውቅያኖስ ሳያይ ቢመለስ አገር ቤት ምን ይሉኛል ብሎ፣ ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና እናቱን ጭኖ ሜሪላንድ ጠረፍ ላይ ወዳለችው ኦሽን ሲቲ ወሰደኝ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሣለን ተባለ፤ 4 ሰዓት ላይ ተነሣን። ያዘገየን ቋንታ ፍርፍሩ ነው። እማማ «ትኩሱን ከከደናችሁት ያልበዋል» ስላሉ፣ እስኪበርድ ድረስ አምስት ሰው ጫማውን አድርጎ ሳህን ከቦ ቆመ።

መንገድ ላይ የቼሳፒክ ወሽመጥ ድልድይ አለ። ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1952፣ ከጎኑ ያለው ሁለተኛው በ1973 ተከፈተ። የጓደኛዬ ሚስት ድልድዩን በሙሉ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታልፈው። የማለፊያ ክፍያ የሚጠየቀው ወደ ባሕሩ ሲሄዱ ብቻ ነው። እንግዳ ነኝና እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ለካ ገንዘብ ተቀባይ የሚባል የለም፤ ካሜራ ታርጋውን ያነሣል፣ በቃ። «እኔ ልክፈል»፣ «በሞቴ!»፣ «አታደርገውም!» የሚባባሉበት መስኮት የሌለው ሥልጣኔ የት እንደሚደርስ እንጃ።

አሸዋው ላይ ያለ ወገናችን በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ዋናተኛው ነው፤ እዚያው የተወለደ፣ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ዘሎ የሚወርድ። ስለ እሱ የሚባል የለም። ሁለተኛው ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ምግብ የሚጠብቀው ነው። ይህ ዋዛ ሥራ አይደለም፤ የባሕሩ ወፎች ሌቦች ናቸው። ለእኔ የተዘረጋ ጉርሻ አየር ላይ ሳለ አንዱ መንጥቆት ሄዷል። እንግዳ ሳይጎርስ ወፍ ሲጎርስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስተኛው ሱሪ ጠቅላይ ነው።

ሱሪ ጠቅላይ ቁምጣ ያጣ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቁምጣ አለው፤ ሻንጣው ውስጥ ነው፤ ሻንጣው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቁምጣ ለጎጃም ገበሬ ክብሩ፣ ለኳስ ተጫዋች መለያው ነው። አርባን ላለፈ የቢሮ ሰው ግን፣ ያውም የጓደኛው እናት ባሉበት፣ የማይታሰብ ነገር ነው። ቅልጥሙን ለእማማ ከማሳየት ሱሪውን ለአትላንቲክ ቢገብር ይመርጣል።

አጠቃለሉ ደረጃ አለው። የቁርጭምጭሚት ጥቅልል ሁለት እጥፋት ሲሆን፣ ውሃ የመንካት ሐሳብ እንዳለ ያሳውቃል እንጂ አያስነካም። የባት ጥቅልል ከአራት እስከ አምስት እጥፋት ይደርሳል፤ እዚህ ላይ ሱሪው ሱሪነቱን ትቶ እግር ላይ የተጠመጠመ ማሰሪያ ይሆናል፤ ጣቶችም መደንዘዝ ይጀምራሉ። የጉልበት ጥቅልል በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ብቻ ያለ ነው። መርካቶ የተሰፋ ሱሪ ባት ላይ ሲደርስ «ከዚህ በላይ አልሄድም» ይላል።

ደግሞ ወደ ውጭ የሚጠቀልልና ወደ ውስጥ የሚጠቀልል አለ። ወደ ውስጥ የሚጠቀልለው ጥንቁቅ ነው፤ በስተርጅናም ጥሪት ይኖረዋል። ወደ ውጭ የሚጠቀልለው ሳያውቀው ኪስ ሰፍቷል። የእኔን አዲስ አበባ ደርሼ ሳራግፈው ግማሽ የሻይ ማንኪያ አሸዋ ወጣው። ግራና ቀኙን እኩል የጠቀለለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ እኔ ራሴ ግራውን አምስት፣ ቀኙን ሦስት አጥፌ ነበር፤ ፎቶው አለ። በፎቶው ላይ ቀኝ እጄ የያዘው ጫማ ጠዋት የተወለወለ ነው። ካልሲዎቹ በውስጡ ናቸው፤ አንዱ ወጥቶ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል።

ውሃው ጋ ሲደረስ የሚሆነው እንዲህ ነው። ማዕበሉ ሲመለስ ከተረከዝ ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይሄዳል፤ ጠቅላዩ ቆሞ ሳለ የሚንሸራተት ይመስለዋል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ጎንበስ ይላል። ጎንበስ ሲል እጥፋቱ ይላላል። ተከታዩ ማዕበል ሲመጣ ሱሪው ያለማንም ግፊት፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ቁልቁል ይፈታል። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ በቪዲዮ ቀርጿል፤ ልጆቹም «አንክል፣ አንድ ጊዜ ድገመው» ብለዋል።

የቀረውን ምደባ የማልቀጥለው በእማማ ምክንያት ነው። ከጃንጥላው ሥር ተነሥተው መጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ አህያ የምታሻግር መሰልክ!»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ እንኳ ሳያደርጉ ገቡ። ጉልበት አለፉ። ወገብ ሲደርሱ ልጃቸው «እማዬ! እማዬ!» እያለ ከነጫማው ተከተላቸው። እሳቸው ዘወርም አላሉ። ባለቤታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ፤ ከትዳራቸው ስድስቱን ዓመት የኖሩት ምጽዋ ነው። ይህን ጓደኛዬ ያውቃል፤ ሚስቱ ታውቃለች፤ ልጆቹ ግን አያታቸው ከየት ዋና ተማሩ ብለው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ሲወጡ «ይቀዘቅዛል» አሉ፤ «የኛው ሙቅ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለ እጥፋት ማውራት አላሰኘኝም። ወደ ምግብ ዞርን። እዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ድንች ሲጠብስ የኖረ ቤት አለ፤ ኬችአፕ ብትሞት አይሰጥህም፤ ያለው ኮምጣጤ ነው። እማማ ከቦርሳቸው ሚጥሚጣ አውጥተው ነገሩን አስተካከሉት። ከከተማዋ ስንወጣ «ሳክራሜንቶ 3,073 ማይል» የሚል ምልክት አለ፤ መንገዱ ካሊፎርኒያ ድረስ ይሄዳል ለማለት ነው። ጓደኛዬ ከውቅያኖሱ ይልቅ እሱን ደጋግሞ አነሣው።

እማማና እኔ የኋላ ወንበር ላይ፣ ፌስታል ተነጥፎልን፣ ጎን ለጎን እየተንጠባጠብን ተመለስን። ኦሽን ሲቲ የምትሄዱ ቁምጣችሁን ከሻንጣ አውጡት። ያፈረም ፌስታል ይያዝ፤ የመኪናው ወንበር ጨርቅ ነው።