ምክሩ ቀርቶ ካፖርቱ

«ሱፐር ፍላይ» እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ፣ ስለ አንድ የኒው ዮርክ ኮኬይን ነጋዴ የሚተርክ ፊልም ነው። ፕሪስት የሚባለው ይህ ነጋዴ ሥራው አንገሽግሾታል፤ አንድ የመጨረሻ ትልቅ ሽያጭ ሸጦ ሊገላገል ይፈልጋል። ይህን የሚያስታውስ ግን ስንት ነው? ሰው ልብ ላይ የቀረው ረጅሙ ካፖርት፣ ሰፊው ባርኔጣ፣ የተተኮሰው ፀጉርና ያ ካዲላክ ኤልዶራዶ ነው። አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት መስቀል እንኳ የኮኬይን ማንኪያ ናት። ሰውየው «በየት ልውጣ?» እያለ ሲጨነቅ፣ ተመልካቹ «በየት ነው የሚገባው?» የሚል ይመስላል።

የሙዚቃው ነገር ደግሞ ይብሳል። የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ከርቲስ ሜይፊልድ የተቀረጸውን ሲያይ ነገሩ የኮኬይን ማስታወቂያ መሰለው። ስለዚህ በግጥሙ መምከር ያዘ፤ በአንዱ ዘፈን ፍሬዲ የሚባለውን ምስኪን ገጸ ባሕርይ ሞት እያነሳ አስጠነቀቀ። ፊልሙ ውስጥ ግን የዚያ ዘፈን ዜማው እንጂ ግጥሙ አይሰማም! ግጥሙን የፈለገ ሸክላውን መግዛት ነበረበት። ተገዛም፤ ያውም ከፊልሙ ቀድሞ ገበያ ወጥቶ። ብዙው ሰው እንግዲህ አስቀድሞ ተመክሮ ነው ሲኒማ ቤት የገባው። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው ቢያንስ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ይኼኛው ምክሩን ከፍ አድርጎ ከፍቶ ይጨፍርበታል።

የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ፊልሙ ልጆቻችንን ያበላሻል ብለው ተቆጡ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ጥቁሩ ሰው ጉቦኛውን የነጭ ፖሊስ አለቃ ጉድ ሲሠራው ማየት በራሱ ዋጋ አለው አሉ። በእኔ ሚዛን ሁለቱም እውነት አላቸው። ካፖርት ሰፊዎቹ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ የጠበቁ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፊልሙ በአዲስ መልክ ሲሠራ ታሪኩ ወደ አትላንታ ተሻገረ። ነጋዴው አሁንም ሊያቆም ይፈልጋል፤ ፀጉሩም አሁንም ተተኩሷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያው ፊልም የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሚያስጠብቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገባ፤ ካፖርቱም፣ ማንኪያዋም አብረው ማለት ነው።

በዚያ በመጀመሪያው ፊልም ፕሪስትን የተጫወተው ሮን ኦኔል በመድረክ ቲያትር የተሸለመ ተዋናይ ነበር። በፊልሙ መጨረሻ ፕሪስት ገንዘቡን ይዞ ከንግዱ ይወጣል። በዓመቱ ኦኔል ራሱ አዘጋጅቶ የሠራው ፊልም ግን ያው ስለ ፕሪስት ነበር።