ጉዳዩ፦ ያላቀረብኩት ምስጋና እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 2011 ዓ.ም.
ለተከበረው ጽሕፈት ቤት
ሀዋሳ

በ11ኛው የኢህአዴግ ድርጅታዊ ጉባኤ ውሳኔዎች ላይ «ነፃና ግልጽ ውይይት» ስለምታካሂዱ እንድገኝላችሁ የላካችሁት የጥሪ ወረቀት ደርሶኛል። ማኅተሙ ደማቅ ነው፤ ስሜም የተሳሳተው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ስለ ክብሩ እጅ እነሳለሁ። ከመምጣቴ በፊት ግን በመካከላችን ያልተዘጋች አንዲት ጉዳይ አለች። በመዝገብ ቤታችሁ በኩል ሞክሬ ነበር፤ የሚመለከታቸው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ስብሰባው ክረምቱን ሁሉ ስላላበቃ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የጽሕፈት ቤታችሁን ስም አልጠራሁም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ለማያውቃችሁ ማስተዋወቅ ደግሞ የእኔ ሥራ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው የካቲት 8 ቀን 2010 ነው። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን በቴሌቪዥን ሲናገሩ የሀዋሳ ሰው ጆሮውን ያቆመው ያለ ምክንያት አልነበረም። እሳቸውን በዜና ብቻ አይደለም የምናውቃቸው፤ የደቡብ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ሆነው እዚሁ ሠርተዋል። በክልሉ ገዢ ድርጅት በደኢህዴን ሊቀመንበርነት የተኳቸው አቶ ሽፈራው ሽጉጤም በዚያው ወንበር ተቀምጠው አልፈዋል። እናም በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ድምፅ ቆጣሪ ሆነ። ከአሞራ ገደል የዓሣ ጥብስ ጠረጴዛ እስከ አቶቴ የባጃጅ ተራ ድረስ ወሬው አንድ ነበር፤ ማን ይተካቸዋል? «ለማ ነው።» «የለም፣ ለማ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ስላልሆነ ኦህዴድ ዐቢይን ሊቀመንበር አድርጓል።» «ደመቀስ?» «ሽፈራው ከገባ እኮ ሥልጣኑ ከደቡብ አልወጣም ማለት ነው።» «ደቡብ ደግሞ ስንቴ!»

የሥነ ዜጋ መምህር ነኝና ክፍል ውስጥም መቀመጫ አጣሁ። አንቀጽ 73ን አስተምሬያቸዋለሁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እሱ መጨረሻ ላይ ነው። ቀድመው የሚመርጡት እነማን ናቸው?» የኢህአዴግ ምክር ቤት ነው፣ 180 ሰዎች፣ ከአራቱ አባል ድርጅቶች 45፣ 45 አልኩት። «ከእኛ ያሉት 45ቱስ እነማን ናቸው?» ሁለት ሦስቱን ጠራሁለት፤ አርባ ምናምኑን ግን ከየት ላምጣ? በዚሁ መሐል ነው እናንተ በወቅታዊ ሁኔታ ላይ ሕዝቡን ልታወያዩ መሆናችሁ የተሰማው። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ስለነበር ከእናንተ በቀር ሰው ለመሰብሰብ የሚደፍር አልነበረም። (አዋጁ የካቲት 23 ሲጸድቅ የደጋፊዎቹ ብዛት መጀመሪያ 346 ተባለ፣ በኋላ 395 ሆነ። ልጆቹ ቁጥሩ ቆጠራ ካበቃ በኋላ እንዴት እንደሚያድግ ሲጠይቁኝ ወደ ሒሳብ መምህሩ መራኋቸው፤ እሱም የሥነ ዜጋ ጉዳይ ነው ብሎ መለሰልኝ።) እኔም የልጁን ጥያቄ ይዤ ወደ እናንተ መጣሁ።

መስተንግዷችሁን ላመስግን። በር ላይ የነበረችው ልጅ ፈገግ ብላ መዘገበችኝ፣ አስፈረመችኝ፣ ፎልደር ሰጠችኝ። ውስጡ የመድረኩ መሪ ቃል የታተመበት ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶና አንድ ቅጠል ወረቀት ነበረው። ወረቀቱን አነበብኩት። «እኛ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች ባደረግነው ጥልቅና አሳታፊ ውይይት…» ይላል። ሰዓቴን አየሁ፤ ውይይቱ አልተጀመረም። የአቋም መግለጫችን ቀድሞን ደርሶ አዳራሽ ውስጥ ይጠብቀን ነበር። ሌላው የመንግሥት ሥራ ሁሉ እንዲህ ቢቀላጠፍ የት በደረስን!

መድረኩ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ለሦስት ሰው የታሸገ ውኃ። ታች ለእኛ ሙቀቱ። ገለጻውን አልፈዋለሁ፤ እናንተም አልፋችሁት በነበር። ሲያበቃ ሰብሳቢው «አሁን መድረኩ የእናንተ ነው» አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተናጋሪዎች ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። ሦስተኛው የሁለተኛውን አንቀጽ ሙሉውን ደግሞ አነበበው፤ ሁለቱም እኩል ተጨበጨበላቸው።

አራተኛው እኔ ነበርኩ። ጥያቄዬን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌ ስለነበር እሱኑ አነበብኩ፦ «ከክልላችን ሄደው ሊቀመንበር የሚመርጡት 45 ሰዎች ስም ለሕዝብ ይነገራል ወይ? ከመምረጣቸው በፊትስ እኛን የሚጠይቁን ነገር አለ?» ይችው ናት። ማንንም አልነቀፍኩም፣ ዕጩም አልጠቆምኩም።

ሰብሳቢው ማይኩን አቀረቡ። «ወንድማችን ከየትኛው ቀበሌ ናቸው?» ተናገርኩ። «ሥራዎስ?» ተናገርኩ። «ጥያቄው የራስዎ ነው ወይስ የላክዎ አለ?» «የራሴ ነው» አልኩ። የላከኝማ ነበረ፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። ግን ስሙን ለእናንተ የምሰጥበት ሁኔታ አልታየኝም። «እስቲ ደብተሩን ያምጣው» አሉ። እስከዚያ ድረስ አንቱ ነበርኩ፤ «ያምጣው» ላይ ስደርስ እኔም ደብተሩም እኩል ዕቃ ሆንን። አንድ ጎረምሳ አስተናጋጅ መጥቶ እጁን ዘረጋ። «ፋዘር፣ ደብተሩን።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያዋን ገጽ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ከዚያ ሁለተኛውን ገለጡ፤ ባዶ ነው። ሦስተኛውንም፤ ባዶ ነው። እስከ መጨረሻው ቅጠል ድረስ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያያቸው፣ ባዶ ደብተር እንደ ቡና ስኒ እያገላበጡ አነበቡ። ባዶው ውስጥ ምን እንዳገኙ እስካሁን ማወቅ እፈልጋለሁ። ከዚያ የጻፍኩባትን ገጽ ከስፌቷ ጀምረው ቀስ ብለው ቀደዱ፤ ሥርዓት ያለው አቀዳደድ ነበር፣ ሌላው ቅጠል አልተነካም። አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ደብተሩን ለጎረምሳው መልሰው «ለሌላ ሰው ይሆናል» አሉት። ቁጭ ልል ስል በማይኩ ደግሞ፦ «እስክሪብቶውስ?»

ኪሴን ዳበስኩ። የእናንተ እስክሪብቶ አልጽፍ ብሎኝ ፎልደሩ ውስጥ ትቼው ነበር። ኪሴ የነበረው ከቤቴ ያመጣሁት ቢክ ነው። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ጎረምሳው ቢኩን ከእጄ ወሰደው። ሰብሳቢውም «ለወንድማችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ» አሉ፤ ተጨበጨበ። ከአጨብጫቢዎቹ መሐል የተማሪዎቼ ወላጆች ነበሩ፣ የዕድሬ ሰዎችም ነበሩ። አልቀየምኳቸውም፤ ጭብጨባው በመርሐ ግብሩ ላይ ያለ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት እናት «ቁጭ በል ልጄ፣ ሻይ ሊመጣ ነው» ብለው ሹክ አሉኝ። ሻዩም አልደረሰኝም። ጎረምሳው ክርኔን ይዞ «ፋዘር፣ ትንሽ ንፋስ ይውሰዱ» አለኝ። ሻዩና አምባሻው ሲገቡ እኔ ስወጣ በር ላይ ተላለፍን።

ሳምንት ሳይሞላ ቢሮ ስትጠሩኝ፣ ይቅርታ ልትጠይቁኝ ነው ብዬ ከረባት አስሬ መጣሁ። ለካ ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማዬ ጎድሏል። «ተናጋሪ ተራ ቁጥር 4፦ መምህሩ ለተሰጠው ሰፊ ገለጻ ምስጋናቸውን አቅርበዋል፤ መሰል መድረኮች እንዲቀጥሉም ጠይቀዋል» ይላል። ይታረምልኝ አልኩ። ጸሐፊዋ በትሕትና «ቃለ ጉባኤ ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም» አለችኝ። ልክ ናት፤ እኔም ሳስተምር እንዲያ ነው የምለው።

ከዚህ በላይ በጨዋ ደንብ መቀጠል አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። በጎረቤቶቼ ፊት ኪሴን አስዳበሳችሁኝ! ምን ሠረቅሁ? ስም ጠየቅሁ፤ በእኔ ስም ድምፅ የሚሰጡ ሰዎችን ስም። ልትነግሩኝ ካልፈለጋችሁ «አንነግርህም» ማለት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ተብለናል፣ እንችለዋለን። እናንተ ግን ከልክላችሁ አልበቃችሁም፤ አፌን ዘግታችሁ በአፌ አመሰገናችሁ። ይህ ውርደት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አሁንም ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ይቅርታ፤ ወደ ማመልከቻዬ ልመለስ።

መጋቢት 18 ምሽት ውጤቱ ተነገረ። ድምፅ ከሰጡት 169 አባላት ዶክተር ዐቢይ 108፣ አቶ ሽፈራው 59፣ ዶክተር ደብረጽዮን 2። አልከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ ካላቸው መሐል ነበርኩ። ልጁ ግን በነጋታው «ቲቸር፣ ከእኛዎቹ ማን ለማን ሰጠ?» አለኝ። በተዘጋ በር ነው የተመረጠው አልኩት። ይህ ልጅ ደግሞ ያነባል፤ ያነበበውንም ይዞ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጄኮብ ዙማ ሥልጣን የለቀቁት አቶ ኃይለማርያም መልቀቂያ ከማቅረባቸው በአንድ ቀን ቀድመው ነው። ፓርቲያቸው ኤኤንሲ ግን ታኅሣሥ ላይ ራማፎሳን መሪ አድርጎ የመረጠው ከየቅርንጫፉ በመጡ ልዑካን ነበር። ከየአካባቢው ማን ማንን እንደጠቆመ ለወራት በአደባባይ ሲቆጠር ከርሞ፣ 2,440 ለ2,261 አሸነፉ። እዚያም ስለ ገንዘብ ብዙ ተወርቷል፤ ቅዱሳን ናቸው አላልኩም። ብቻ ልጁ ሲያሰላ የሁለቱ ልዩነት 179 ሆነ፤ ከእኛ ጠቅላላ ምክር ቤት በአንድ ያነሰ። ምን ልበለው?

ሰኔ ላይ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በጨምበላላ ሰሞን በዚህችው ከተማ ሰው ሲሞት አወያዮቹ የት እንደነበሩ አልጠይቅም። ያ ሌላ ደብዳቤ ነው፤ የሚጽፈውም ልጁን የቀበረ ሰው ነው።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል ይባላል፤ ደስ ይላል። ሰብሳቢያችንን ባለፈው ፒያሳ አካባቢ «መደመር» የተጻፈበት ቲሸርት ለብሰው አየኋቸው። ጠሩኝ፣ አቀፉኝ፣ «መምህር፣ ፍርሃት ድሮ ቀረ፤ እንደ እርስዎ ያለ ደፋር ነው የምንፈልገው» አሉኝ። እንደገና አንቱ ሆኜአለሁ። እኔ ሳቅፋቸው ዓይኔ ደረት ኪሳቸውን ይፈልግ ነበር፤ ቲሸርቱ ኪስ የለውም። ሰውየው ተደምረዋል፤ ጥያቄዬ የት እንደተደመረች አላወቅሁም። መስከረም 23 ጉባኤው እዚሁ ሀዋሳ ተከፈተ፤ ሲዘጋም ሊቀመንበሩ ዶክተር ዐቢይ ከ177 ድምፅ 176 አግኝተው በድጋሚ ተመረጡ። ከተማዬ ስላስተናገደችው ኮራሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የነሣኝ ያ አንድ ድምፅ ነው። ማን ይሆን? «የላከህ አለ?» ተብሎ ይሆን? ቢኩስ?

በጥሪያችሁ መሠረት እመጣለሁ። ስርዝ ድልዝ ስለማይፈቀድ ምስጋናዬ በአባሪ ገጽ ይሻርልኝ፤ ተናጋሪ ተራ ቁጥር 4 የጠየቀው በጥያቄ ምልክት ይመዝገብ። በሚቀጥለው ጊዜ ለሊቀመንበር ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ዝርዝር የውኃና የመብራት ማስታወቂያ በሚለጠፍበት የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ መርፌ ቁልፉን እኔ አመጣለሁ። የአቋም መግለጫውንም እባካችሁ ከሻይ በኋላ አትሙት።

ከሰላምታ ጋር
ተናጋሪ ተራ ቁጥር 4

ግልባጭ፦
ለክፍሌ የኋላ ወንበር
በሀዋሳው ጉባኤ ከ177 አንዱ ለሆኑት ድምፅ ሰጪ፣ ባሉበት