ብርድ እንዳይመታን

አማቴ የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው፤ እግዜርንና በመስኮት የሚገባ ንፋስ። እግዜርስ ይቅር ይላል። ንፋስ ግን አንዴ ትከሻ ላይ ካረፈ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ በፌጦም አይነቀል።

እኚህን ሴት ይዘን ነው በጥቅምት፣ ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን፣ በኪራይ ትሬይለር ወደ ሸነንዶዋ ተራሮች የወጣነው። ትሬይለር ፒክአፕ የሚጎትተው ቤት ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ መጸዳጃው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቋል። አከራዩ «ገና አዲስ ነው» ብሎ ኮርቶበታል። አዲስ መሆኑን በሩን እንደከፈትን ዐይናችን መሰከረ፤ ይቆጠቁጣል።

ሽታው ከኮምፔንሳቶውና ከችፑዱ ሙጫ የሚወጣ ፎርማልዲሃይድ ነው፤ ቤቱ ሲሞቅና ሲረጥብ ይብስበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ሰዎች መንግሥት በሰጣቸው ትሬይለር ውስጥ ሲያስላቸውና ዐይናቸው ሲያለቅስ ከርመው፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 519 ትሬይለሮችን ለካ። አማካዩ ከቢሊዮን 77 እጅ ሆኖ ተገኘ፤ ከተራ መኖሪያ ቤት በብዙ እጥፍ የበለጠ። በ2010 ለእንዲህ ያለው እንጨት ሕግ ወጣለት። ለነዋሪዎቹ ከተሰጠው ምክር አንዱ «መስኮት ክፈቱ» የሚል ነበር። ይህን ሁሉ ለአማቴ ዘርዝሬ ስጨርስ፣ «መስኮት ከምትከፍት እጣን አጭስ» አሉኝ።

በሸነንዶዋ ፓርክ ያረፍንበት ቢግ ሜዶውስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር የሚያልፍ ቦታ ነው፤ ማታ ማታ ብርዱ አይቻልም። ሰፈሩ የድብ ስለሆነ ምግብ ውጭ ማሳደር ክልክል ነው። አማቴ የፓርኩን ሕግ ከሰሙ በኋላ የያዙት ይህችን ብቻ ነው። የዶሮ ወጡ ድስት ምድጃ ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ መስተዋቱን ሲያለብሰው፣ «እማማ፣ ትንሽ እንክፈት?» ብላቸው፣ «ድቡ በሽታው ይመጣል!» አሉ። ንፋሱ ላይ ድብ ተጨመረልኝ።

ቡናውን ውጭ አፈሉ። ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት ላይ እንኳ አልተከራከርንም። ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ቀረ ሲባል አገር ቤት ያልሰማ የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው፤ ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። አማቴ ከሰሉን ትተው አንዲት ፍም ብቻ በማጨሻ ይዘው ገቡና እጣኑን ነሰነሱበት። የጣሪያው የጭስ ማስጠንቀቂያ ያዙኝ ልቀቁኝ አለ። ባለቤቴ በትሪ እያራገበች ስታባብለው፣ እናቷ ከታች ሌላ ጉድ አገኙ፦ ወለሉ አጠገብ ያለችውን የጋዝ ማስጠንቀቂያ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ታች የሚሰበሰብ ነውና እዚያ ተገጥማለች። እሳቸው ግን ባለቀዳዳ ስለሆነች የንፋስ መግቢያ መስላቸው በሻሽ ወትፈዋታል። ሻሹን ነቀልኩ። ተኮራረፍን።

ጠዋት ግንባሬ ላይ ጠብ ሲልብኝ ነቃሁ።

«ቤቱ ያፈሳል!» አሉ አማቴ፣ አከራዩን ለመክሰስ ተዘጋጅተው። ውጭ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መስኮቶቹ ከውስጥ ያለቅሳሉ፣ ፍራሹ ከግድግዳው የነካበት ጎን ረጥቧል።

«እማማ፣ የራሳችን ትንፋሽ ነው።»

«የኔ ትንፋሽ ነው የሚያንጠባጥበው?»

የሁላችንም ነው። ሰው ተኝቶ በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 40 ግራም ግድም ውሃ ይለቃል፤ አምስት ሰው በስምንት ሰዓት ከሊትር ተኩል በላይ መሆኑ ነው። ምድጃውም አለበት፦ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከኪሎ ተኩል በላይ የውሃ እንፋሎት ይወጣዋል። ትልቅ ቤት ይህን ችሎ ያሳልፈዋል። እዚህ ግን ያስወጣነው ሁሉ ተመልሶ ራሳችን ላይ ነው። የሁላችንም ራስ ምታትም ከዚያው የታፈነ አየር ሳይሆን አይቀርም፤ አማቴ ግን «ከፍታው ነው» ብለው ፈረዱ። ያደጉት ከዚህ በሁለት እጥፍ የሚበልጥ ደጋ ላይ ነው።

ያሳመንኳቸው እኔ አይደለሁም፤ ጭሱ ነው። በዚያው ቀን ማታ ማጨሻውን ይዘው ሲገቡ የጣሪያዋን መስኮት ከፍቼ ማራገቢያዋን አስነሳኋት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣና መሐል ላይ ግራ የገባው ይመስል ተንከራተተ። አማቴ ዐይናቸውን አጠበቡ። ሳር ክዳን ቤት ያደጉ ናቸው፤ የጭስ ጠባይ አይጠፋቸውም።

«መግቢያ የለውም እኮ! ከየት አምጥቶ ያስወጣ?»

የእግርጌውን መስኮት ራሳቸው በስንጥቅ ከፈቱት፤ ጭሱ አልተንቀሳቀሰም። ዘጉት። ከወዲያ ማዶ ያለውን፣ ከጣሪያዋ ራቅ ያለውን ሲከፍቱ ጭሱ እንደ ክር ተስቦ፣ ታጥፎ፣ ሽቅብ ሄደ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ በቁጥር ያልቻልኩትን እሳቸው በአንዲት ቁንጥር እጣን ጨረሱት። ማጨሻው ወጥቶ ሲያበቃም ሁለቱ መስኮቶች በእሳቸው ትእዛዝ ሁለት ጣት ያህል ተከፍተው እንዲያድሩ ተወሰነ።

የቀረው የመኝታ ድልድል ነው። ከተከፈተው መስኮት ስር አንድ ሰው መተኛቱ አይቀርም።

«ልጄ እዚያ አትተኛም» አሉ። «ልጆቹም አይተኙም። እኔ አርጅቻለሁ።» ጋቢያቸውን ደረቡና ወደ እኔ ዞሩ። «የመስኮት ወዳጁ አንተ አይደለህ?»