ሽቅብ ወይስ ቁልቁል

ዶሎ ኦዶ ላይ ትናንት የገባውንና ዓመት የከረመውን ሰው ለመለየት መታወቂያ መጠየቅ አያስፈልግም፤ አንገቱን ማየት ይበቃል። የከረመው ጢሙን ትንሽ ትቶታል። ትናንት የገባው፣ በተለይ ለስብሰባ ከሆነ የመጣው፣ ጉንጩ ያብለጨልጫል፤ ከአገጩ በታች ግን ቀይ ሽፍታ ወጥቶበት፣ አንገቱን እያከከ ስለ ሩብ ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም ያስረዳል።

የስብሰባ ሰው ደግሞ አናጣም። በ2003 ዓ.ም. ድርቅ መልካዲዳና ቆቤን የመሳሰሉት የስደተኛ መጠለያዎች ከሞሉ ወዲህ ከተማዋ የቢሮ ሰው ሲገባባት ሲወጣባት ነው የኖረችው። የቢሮ ሰው ባዶ ፊት ይወዳል። ወረቀት ለመፈረም ጢም ምን እንደሚከለክል እስካሁን የነገረኝ የለም፤ ግን ሁላችንም እንላጫለን። ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ የሚሆኑት እዚሁ አጠገባችን ስለሆነ ነፋሻ ቦታ የሚመስለው እንግዳ አለ። በየካቲት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ የላቡ ጨው የተላጨ አንገት ላይ ወርዶ ኮሌታው ሲፈትገው ግን ሐሳቡን ይለውጣል።

ባለፈው እንዲህ ያለ አንድ ባልደረባዬን ጸጉር ቤት ይዤው ሄድኩ። ጸጉር ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ትልቅ መስታወትና ሙቁን አየር ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ የሚያመላልስ ቬንትሌተር ነው። ልጁ አዲስ ምላጭ አነሳና ከወረቀቱ ሳያወጣ በሁለት ጣቱ አጥፎ ቀጭ አደረገው። ግማሹን እጀታው ላይ ሰካ፤ ግማሹን ከነወረቀቱ ለሚቀጥለው ሰው መስታወቱ ሥር አስቀመጠ። የሚቀጥለው ሰው እኔ ስለሆንኩ ያችን ግማሽ ምላጭ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኋት። በኤችአይቪ ዘመቻ ያደግን ሰዎች ነን፤ «ስለታማ ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም» የሚለውን ከፊደል ገበታ እኩል ነው ያጠናነው።

«ሽቅብ ላድርገው?» አለ ልጁ።

«ሁለት ጊዜ ሽቅብ!» አለ እንግዳው። «እጄ ሲያልፍበት ብርጭቆ መሆን አለበት።»

ልጁ በመስታወቱ ውስጥ ወደ እኔ አየ። «አዴር፣ ጓደኛህ መቼ ነው የሚመለሰው?» ጸጉሬ ከሳሳ ወዲህ የከተማው ወጣት ሁሉ አጎቱ አድርጎኛል።

«ከነገ ወዲያ» አልኩት።

«እንግዲያው ይሁን» አለና፣ ቆዳውን በአውራ ጣቱ ወጥሮ ከጉሮሮው ወደ አገጩ ይወጣ ጀመር።

ጣጣው የሚጀምረው ከዚያች አውራ ጣት ነው። የእኛ ጸጉር ጥቅልል ነው፤ ሥሩም ቆዳ ውስጥ ሲቀመጥ ጎበጥ ብሎ ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ጸጉሩ ሽቅብ ተጎትቶ ሲቆረጥ ጫፉ ሹል ሆኖ ይቀራል። ጣት ሲለቀቅ ያ ሹል ጫፍ ከቆዳ በታች ይገባል። ሲያድግ መውጫውን ትቶ ጎኑን ይበሳል፤ ወይም ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ ይገባል። ገላም እሾህ የገባበት መስሎት ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። ቀዩ ሽፍታ ይኸው ነው። ባለጸጉሩ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ወረንጦ ያነሳል። በዚህ ቆላ ወረንጦ የሌለበት ቤት የለም፤ የግራር እሾህ ለማውጣት ነው የተሠራው። ጫፉ ዞሮ የገባውን ጸጉር ቀና ማድረግ ደግ ነው፤ ነቅሎ መጣል ግን ለሚቀጥለው ወር ሌላ ሽፍታ መዝራት ነው፤ የተነቀለው ጸጉር ሲመለስ ከቆዳው ሥር ሹል ሆኖ ነው የሚነሳው።

ጣጣው ከመላጫውም ይመጣል። ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የመላጫውን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ምላጩ አንድ ነበር። በ1971 ኩባንያው ሁለት ምላጭ ደርቦ አወጣ፤ ከዚያ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እየተባለ ተሄደ። የፊተኛው ጸጉሩን ይጎትታል፤ ጸጉሩ ተመልሶ ሳይገባ የኋለኛው ከቆዳው ወለል በታች ይቆርጠዋል። ለሉጫ ጸጉር ይህ ጥበብ ነው። ለእኛ ግን ችግራችንን በአምስት ማባዛት ነው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል። የአሜሪካ ጦር በየጊዜው ቢጨቃጨቅበትም፣ በዚህ ሽፍታ የሚሰቃዩ ጥቁር ወታደሮች እንዳይላጩ የሐኪም ወረቀት ሲሰጣቸው ኖሯል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ለኛ መሥሪያ ቤቶችም እመኛለሁ።

እንግዳው ተላጭቶ ሲያበቃ ልጁ አልኮሉን ፊስ አደረገበት። ሰውዬው ከወንበሩ ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከዚያ «እሰይ፣ ገባ!» አለ። ያላቃጠለ መድኃኒት አይሽርም የምንል ሰዎች ነንና አልፈረድኩበትም። የአልኮል ቦታው ግን መቀሱና ቶንዶዙ ላይ ነው፤ የተላጨ ቆዳን ያደርቃል፣ ቁጣውንም ያብሳል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይፈትጉ ተጭኖ የሚያደርቅ ንጹሕ ፎጣ፣ በውሃ የላላ ግሊሰሪን፤ በቃ።

ተራዬ ሲደርስ ልጁ አልጠየቀኝም። ፊቴን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ትንሽ ጠበቀ፤ ጸጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ምላጭም አይታገለውም። ውሃ ማሞቅ እዚህ የለም፤ ከሰዓት በኋላ ሮቶው ራሱ ያሞቀዋል። ከዚያ ሳይወጥር፣ ሳይጫን፣ ቁልቁል አወረደው። ጉንጬን ስዳስሰው ይኮሰኩሳል። አንገቴ ላይ ምላጭ አያሳርፍም፤ በቶንዶዝ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ትቶ ያልፈዋል። የማታ ነው የምሄደው፤ ቆዳው ሌሊቱን አርፎ ፀሐይንና ላብን ጠዋት ይገናኛቸዋል።

አንገቴ በዕድሜው እጅግ ያማረው ግን አጎቴ ያረፈ ጊዜ ነው። እንደ ወጉ እስከ አርባው ጢሜን አልነካሁም። ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ሽፍታው ግን ቀስ በቀስ ጠፋ፣ ጥቁር ነጠብጣቡም ደበዘዘ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ዘመዶች «ወዝህ ተመለሰ እኮ» ሊሉኝ አፋቸው ላይ ይደርስና ነውር ሆኖባቸው ይውጡታል። ሐኪሞችም የሚያዝዙት ይህንኑ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ምላጭ ሲቀር፣ የተቀበረው ጸጉር አድጎ ራሱን ነጻ ያወጣል። ቄሶቻችን ይህን ሐኪም ሳይነግራቸው ነው የኖሩበት። የዶሎ ሽማግሌዎችም ጢማቸውን በሂና አቅልመው ሲቀመጡ ከጢሙ ሥር ያለው አንገት የልጅ አንገት ነው። ቄሱና ሼኩ በዚህ ነገር አንድ ናቸው፤ መሀል ቤት የምንቆስለው የቢሮ ሰዎች ነን።

ብብት ሌላ ችግር ነው፤ ጸጉሩ በየአቅጣጫው ስለሚበቅል ቁልቁሉ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ተላጭቶ ወዲያው ዶድራንት የቀባ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ሩቅ ሆኖ ይታወቃል።

ሻይ የምጠጣባቸው ሴትዮ፣ ሁላችንም ኤዶ (አክስቴ) የምንላቸው፣ አንገቴን ባዩ ቁጥር ያዝኑልኝ ነበር። አንድ ቀን በላስቲክ ጠቅልለው ቃሲል ሰጡኝ። የቁርቁራ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚፈጭ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ የሶማሌ ሴቶች ፊታቸውንም ጸጉራቸውንም ይታጠቡበታል። «ይኼን ተቀባ፤ ያን የሚያቃጥል ነገር ተው» አሉኝ። ፈዋሽ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፣ ከሽቶ ሳሙናም ይልቅ ለቆዳዬ ይለዝባል። ሲደርቅ ፊትን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል እንጂ አያቃጥልም።

አንድ ጠዋት እንደተቀባሁት ስልኬ ጮኸ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት በቪዲዮ አስቸኳይ ስብሰባ ነው። ታጥቤ ሳልመለስ ስሜ ተጠራና ከነቅጠሉ ገባሁ። ሰብሳቢው ዝም ብለው አዩኝ። «ፊትዎ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየን፤ ደህና ነዎት?» አሉኝ።

«ኔትወርኩ ነው» አልኩ። ከዶሎ ኦዶ ሲባል ይህን የማያምን የለም።