ቁልፉ ማን ጋ ነው?

«ወጣት የነብር ጣት» ትላላችሁ። እንግዲያው ጣቱን የሚያሳርፍበት ስጡት! በነብር አሞግሶ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ ማለት ምን ይሉታል?

«የነገ አገር ተረካቢ» ትላላችሁ። አስረካቢ ከሌለ ተረካቢ ከየት ይመጣል? ይህንኑ ቃል ለአባቱም ነግራችሁት ነበር፤ ፀጉሩ ሸበተ፣ ርክክቡ ግን እስካሁን አልተፈረመም።

«ልጆቹ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ» ትላላችሁ። ሌላ ምድጃ አሳዩአቸዋ! በሰፈራችን የወጣት ማዕከል አንድ የኮምፒውተር ክፍል አለ። በመስኮት ሳይ ኮምፒውተሮቹ ላስቲክ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ላስቲኩ ላይ አቧራ፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብል «ንብረት ክፍል» ተባልኩ። «ለምን ተቆለፈ?» ብል «እንዳይበላሽ»። ኮምፒውተር ተቆልፎበትም ያረጃል፤ ልጅም እንደዚያው።

«ወጣት ምን ያውቃል?» ትላላችሁ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርደው ሽማግሌውን ሀሁ ያስቆጠሩት እነማን ነበሩ? የተማሩ ልጆች አይደሉም? ያኔ ያመናችሁትን ዕድሜ ዛሬ ምን አስጠረጠራችሁ?

«በጀት የለም» ትላላችሁ። የማላዊው ዊሊያም ካምኳምባ እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ ረሃብ ቤተሰቡን ቢያደኸየው፣ የሚከፍለው አጥቶ ከትምህርት ቤት ቀረ። ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። ከአንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋሰና ሥዕሉን እየተከተለ፣ ከአሮጌ ብስክሌት፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከባሕር ዛፍ በነፋስ የሚዞር ማመንጫ ሠራ። መንደሩ «አበደ» ሲለው አምፖሉ በራ። ልብ በሉ፦ ልጁ በጀት አልነበረውም፤ ያልተቆለፈ ቤተ መጻሕፍት ግን ነበረው።

«ቴክኖሎጂና የሕዝብ ጉዳይ ምን አገናኛቸው?» ትላላችሁ። ኬንያን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ደም ሲፈስ ጥቂት ኬንያውያን ኡሻሂዲን ሠሩ፤ በስዋሂሊ «ምስክርነት» ማለት ነው። ሰው ያየውን በአጭር መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ካርታ ላይ ይሰፍራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ያው ሥራ ለነፍስ አድን ሠራተኞች የተጎጂውን ድምፅ አደረሰ።

«መሪ የት አለ?» ትላላችሁ። እኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ አየሁት። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጎረቤቷን አሮጊት የመብራት ሂሳብ በቴሌብር መክፈል ታሳያለች። እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በይ የኔ ልጅ፣ ቁጥሩን ልንገርሽና አንቺው ጻፊልኝ» አሏት።

«አይሆንም እማማ፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ለእኔም ቢሆን አይንገሩኝ» ብላ ስልኩን እጃቸው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በአንድ ጣታቸው ቁልፎቹን እየፈለጉ እስኪጨርሱ ዞር አላለችም። የመብራቱ ሂሳብ መከፈሉን የሚገልጸው መልእክት ሲገባ ግንባሯን ስመው መረቋት።

መሪነት ይኸው ነው፤ ሰውን አስችሎ የራስን እጅ መሰብሰብ። ይህችን ልጅ ማንም መድረክ ላይ ቆሞ አላነቃቃትም። እውቀት ነበራት፣ ስልክ ነበራት፣ የሚያምናት ጎረቤት ነበራት።

ስለዚህ «ወጣቱን እናነቃቃ» እያላችሁ አዳራሽ አትከራዩ። ወጣቱ ነቅቶ በር ላይ ቆሟል። ቁልፉ እናንተ ጋ ነው፤ ክፈቱለት።