ኳሷን ለአንድ ደቂቃ አበድሩን

ነገ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ አርሴናል ፓሪስ ውስጥ ከፒኤስጂ ጋር ይጫወታል። እኔ እንኳ ጨዋታውን ከጀመርኩ ሳምንት ሆኖኛል፤ ያውም ያለ ኳስ። እህል በአፌ አይዞርም። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ መውረጃዬን አልፌ እሄዳለሁ። ሌሊት የጅግጅጋ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ዴምቤሌ የመጣ ይመስለኛል።

ያለፈውን ማክሰኞ ላስታውሳችሁ፤ ለምን ብቻዬን እቃጠላለሁ? ዲኤስ ቲቪ ቤቱ ደጅ ከምትሸጠው ኤዶ የግመል ወተት ሻይዬን ተቀብዬ፣ ብርጭቆው ጣቴን እያቃጠለኝ፣ ወንበር ፍለጋ አንገቴን እያሰገግኩ ነበር። 4ኛው ደቂቃ ላይ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ቀና ብዬ ሳላይ ገባኝ፤ የእኛ ጩኸት አልነበረም። ዴምቤሌ፣ ለንደን ላይ፣ በገዛ ሜዳችን! ሻዩን እንኳ እፍ ሳልለው 1 ለ 0 ተመራን፤ በዚያው አለቀ። ሜሪኖ ከእረፍት መልስ በጭንቅላት ያገባትን ጎል ደግሞ ቫር ከጨዋታ ውጪ ናት ብሎ ወሰዳት።

ማን እንደጮኸ ታውቃላችሁ? የሪያል ማድሪድ ደጋፊ። ሩብ ፍጻሜ ላይ ለንደን 3 ለ 0፣ ማድሪድ 2 ለ 1 ቀጥተን ስንሸኛቸው አንገታቸውን ደፍተው በጓሮ በኩል ነበር የሚወጡት። አሁን ሁሉም በአንድ ጀንበር ፓሪሳዊ ሆነዋል። የቪቲኛን ስም ከእናቱ በላይ አሳምረው ይጠሩታል። የቼልሲው ጎረቤቴ ደግሞ የራሱ ቡድን ውድድሩ ውስጥ የለበትም፤ ቢሆንም ሁለቱን የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫዎቹን በየሻዩ መሃል ሳያነሳ አያድርም። እኛ ምንም የለንም። የፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ካነሳን እንኳ 21 ዓመት ሆነን።

እኔ በረጅም ኳስ የሚጫወት ቡድን ቢያሸንፈኝ እችለዋለሁ። ኳሷ አየር ላይ ናት፤ አየር ላይ ያለ ነገር የማንም ነው። የማልችለው ቅብብል ነው። ቪቲኛ ለዦዋዎ ኔቬስ፣ ኔቬስ ለፋቢያን ሩዊዝ፣ ፋቢያን መልሶ ለቪቲኛ። ሰፈራችን የውሃ ቦቴ መጣ ተብሎ ጀሪካን ይዛችሁ የተሰለፋችሁበትን ቀን አስቡ። ወረፋው አይነቃነቅም፤ ውሃው ግን ከፊታችሁ በቆሙት ሦስት ሰዎች ጀሪካን መሃል ይመላለሳል። እናንተ ቆማችሁ ታያላችሁ። ጉሮሮ ይደርቃል።

መሳደብ እንኳ አይቻልም። ተጫዋችህን ልትሰድብ እኮ መጀመሪያ ኳስ መያዝ አለበት። ይይዛታል፣ ያበላሻታል፣ አንተ ትነሳለህ፣ «አንተ ደነዝ!» ትላለህ፣ ይወጣልሃል። ኳስ ያልነካውን ሰው ምን ብለህ ትሰድበዋለህ? ሩጫህ አላማረኝም?

ይህ ኳስ የማጣት በሽታ የቆየ ነው። በ2003 ዓ.ም. የካቲት 29 ካምፕ ኑ ላይ በባርሴሎና 3 ለ 1 ስንሸነፍ፣ በ90 ደቂቃ ውስጥ አንድም ሙከራ አላደረግንም። አንድም! አንዷን ጎል ያገባልን የእነሱው ቡስኬትስ ነው፤ በራሱ ላይ። ቫን ፔርሲ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ኳስ መታህ ተብሎ በቀይ ወጣ። ልጁን እኔ እረዳዋለሁ። ኳስ ካገኘ ስንት ጊዜው ነው፣ ፊሽካ ይሰማል እንዴ? ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ያው ባርሴሎና ለንደን ላይ 2 ለ 0፣ ሜዳው ላይ 3 ለ 1 አድርጎ ሸኘን። አሰልጣኙ ማን ነበር? ሉዊስ ኤንሪኬ። ነገ ፒኤስጂ ወንበር ላይ የሚቀመጠውስ? እሱው ነው! ሰው እንዴት አንድን ሕዝብ በሁለት አገር እየዞረ ያስለቅሳል?

ፓሪስም ብትሆን አትወደንም። በ1998 ዓ.ም. የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ እዚያው ፓሪስ ስንመራ ቆይተን ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው ኤቶ የደረሰብን። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ናይም የሚባል የሳራጎሳ ሰው 120ኛው ደቂቃ ላይ ከሩቅ አጎንኖ በሲማን አናት አሳልፎ አገባብን። ሜዳው ፓርክ ደ ፕራንስ ይባላል። የነገውም ጨዋታ እዚያው ነው።

በርጫ ላይ ግን እንዲህ አይወራም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ ሁላችንም አርቴታ ነን። ፓርቴ ከቅጣት ተመልሷል፣ ራይስ ማድሪድን በሁለት ቅጣት ምት እንደጨረሰ ይጨርሳቸዋል፣ 3 ለ 0! አንዱ ይነሳና «በመስከረም 2 ለ 0 አሸንፈናቸው የለ?» ይላል። አዎ፣ ሀቨርትዝና ሳካ አግብተው አሸንፈናል። ግን ያኔ ዴምቤሌ አልተሰለፈም፤ ክቫራትስኬሊያም ገና ናፖሊ ነበር። ይህን ስናገር «ዋሪያ፣ አንተ ምርቃና ሰባሪ!» ብለው ያስነሱኛል። 12 ሰዓት ላይ ሁሉ ነገር ሲቀዘቅዝ ያው 3 ለ 0 ይገለበጣል። ጋብሪኤል ተጎድቶ እንደተኛ፣ የማዕዘን ምታችንም ግማሹ አብሮት እንደተኛ ትዝ ይለናል።

ቶጎ ውጫሌ የሚነግድ ጓደኛዬ ሊያጽናናኝ ትናንት ደወለ። «አቦ አትጨነቅ፣ 4ኛ ደቂቃ ላይ የገባ ጎል ማንን አዳነ? በ2014 ካሜሩን ላይ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አግብቶ፣ ዋልያዎቹ 4 ለ 1 አልተሸነፉም?» አለኝ። ለአፍታ ተጽናናሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ዋልያዎቹን የገለበጠችው ካሜሩን የአፍሪካ ዋንጫው አዘጋጅ ነበረች፤ በሜዳዋ፣ በሕዝቧ ፊት። ነገ በሜዳው የሚጫወተው ማን ነው?

ይህ ሁሉ እንግዲህ ጨዋታውን ማየት ከቻልን ነው። መብራቱ ከሄደ ጀነሬተር አለ፤ ጀነሬተሩ ደግሞ ቤንዚን ይፈልጋል። ነፋሱ ዲሹን ካዞረው አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ?» እያለ ይጮሃል፤ እኛ ከታች «አልመጣም፣ ትንሽ ወደ ካራማራ!» እንላለን። ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ የጎል መልእክት ስልኩ ላይ የሚደርሰው ልጅም አለ፤ አንድም ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም። ጨዋታው ሲያልቅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ባጃጁ እጥፍ ይጠይቃል። ተሸንፈህ እጥፍ መክፈል።

ለማንኛውም መቅረት አልችልም። አዴር፣ የዲኤስ ቲቪ ቤቱ ባለቤት፣ እባክዎን የጀነሬተሩን ቤንዚን ዛሬውኑ ይግዙ። እዚያ አካባቢ ያላችሁ መድፈኞች ደግሞ ከ3 ሰዓት ጀምሮ አንድ ወንበር ያዙልኝ፤ ከማድሪዶቹ ራቅ ያለ ይሁን።